በየሳምንቱ አንድ የማብሰል ቻሌንጅ፦ ጠይቁኝ

ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ርዕስ እየያዝኩ ቤቴ ሳበስል ከርሜአለሁ። ሼፍ አይደለሁም፤ ያረረብኝ ድስት ግን ብዙ ነው። እስቲ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እንቁላል እንኳን በቅጡ መቀቀል አልችልም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከእንቁላሉ ነዋ! አትሳቂብኝ፣ የእኔም የመጀመሪያ ሳምንት እሱ ነበር። ነጩ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ደግሞ 70 ገደማ ሲደርስ ይጠነክራል። ውሃ የሚፈላው በ100 ነው። ታዲያ እየተንፈቀፈቀ ብዙ ቆይቶ ጎማ ቢሆን ምን ይገርማል? እሳቱን ቀንሺና ሰዓት ያዢ።

ጥያቄ፦ የግድ በየሳምንቱ አዲስ ምግብ መሥራት አለብኝ?

መልስ፦ የእኔ ስህተት እሱ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ሠርቼ አንዱንም ወረቀት ሳላይ መድገም አቃተኝ። አሁን የምመርጠው ምግብ ሳይሆን አሠራር ነው፤ መጥበስ፣ በእንፋሎት ማብሰል፣ ሊጥ ማቡካት። ያንኑ ምግብ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ እሠራዋለሁ። ስህተቴ የሚገባኝ በመጀመሪያው ነው፣ የማርመው በሁለተኛው።

ጥያቄ፦ ሥጋ ስጠብስ ውሃ ያወጣና ይገረጣል። መጥበሻዬ ይሆን?

መልስ፦ መጥበሻህን ተወው፣ ችኮላህ ነው (የእኔም በሽታ ስለነበር አውቀዋለሁ)። ገጹ ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ያ የምንወደው ቡናማ ቀለምና ሽታ ግን በደንብ የሚመጣው ከ140 በላይ ነው። ይህን ለውጥ ፈረንሳዊው ኬሚስት ማያር በ1912 ስለገለጸው እስከዛሬ በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ሥጋውን ጥርግ አድርገህ አድርቅ፣ መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ከዚያ ሳትደራርብ በሁለት ሦስት ዙር ጨምር። ጨምረህ ደግሞ አትነካካው፤ ቡናማ ሲሆን ራሱ ይላቀቅልሃል።

ጥያቄ፦ ማዮኔዙ ተለያየብኝ፣ ልድፋው?

መልስ፦ ኧረ አትድፊው! በሌላ ንጹህ ሳህን አንድ አስኳል ምቺ፣ የተበላሸውን በጠብታ በጠብታ እየጨመርሽ። ዘይቱንና ውሃውን የሚያስታርቀው አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ነው፤ ዘይቱ በአንዴ ከፈሰሰበት ግን አይችለውም።

ጥያቄ፦ ሚዛን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለመጋገር አዎ። አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ሊመዝን ይችላል። ለዳቦ 500 ግራም ዱቄት ከሆነ 10 ግራም ጨው በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የከሸፈውን ማን ይበላዋል?

መልስ፦ እኔ። ለዚህ ነው መጀመሪያ በግማሽ መጠን የምሠራው።

ጥያቄ፦ አንድ ሳምንት ካመለጠኝስ?

መልስ፦ ዝለለው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ላካክስ ብዬ እስከ እኩለ ሌሊት ዕቃ ሳጥብ ያመሸሁበትን ቀን አልረሳውም።

ጥያቄ፦ የዚህ ሳምንትህ ምንድን ነው?

መልስ፦ የእንቁላል ነጭ መምታት፣ ያውም በእጅ። ቅባት ወይም አስኳል ከነካው በደንብ አይነሳም፤ ትናንት ሳህኑን ከቅባት በደንብ ሳላጸዳ ጀምሬ ሃያ ደቂቃ በከንቱ መታሁ። ክንዴ አሁንም እንደያዘኝ ነው።