ደንገል ነው ብሎ የሸጠልኝ ጉድ

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ኩሬ ቆፍረን፣ ላስቲክ አንጥፈን፣ አፈር መልሰን ውሃ ሞላናት። ባሕር ዳር ያየሁት፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከዓይኔ አልጠፋ ስላለ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ «ደንገል ነው» ያለኝን ገዝቼ ተከልኩ። ዓመት ሳይሞላው ግማሹን ኩሬ ወረረው። አናቱ ላይ ቡናማ ቋሊማ የመሰለ ነገር አውጥቷል። ውሃውም ማታ ሞልተነው ጠዋት ጎድሎ እናገኘዋለን። ምን ይሻለኛል? (ከለቡ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ቋሊማዋ አጋለጠችው፤ የገዙት ፊላ የሚባል ሌላ የውሃ ዳር ተክል ነው። ደንገል አናቱ ላይ የሚያወጣው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ አረንጓዴ ክር ነው። ሌላ ጊዜ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አገዳውን ዳሰስ ያድርጉት። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ቅዳም ሹር ራስዎ ላይ የሚያስሩትን ቄጠማ ያስታውሱ፣ ዘመዳሞች ናቸው። ሲቆርጡት ውስጡ ነጭ ስፖንጅ ይመስላል፣ የጣና ታንኳ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም አየር በያዘው በዚህ ሆዱ ነው። ሸምበቆ ግን ክብ፣ ባለ አንጓና ውስጡ ባዶ ነው።

ውሃው በአንድ ሌሊት እንዲህ ከጎደለ ላስቲኩ ሳይበሳ አልቀረም። የፊላ ሥር ጭቃ ለጭቃ ይሄዳል፣ ጫፉም እንደ ወስፌ የሾለ ነው። ለጥቂት ቀን ውሃ አይጨምሩ፤ መጉደሉ ቀጥ ያለበት ከፍታ ላይ ዙሪያውን ይፈልጉ፣ ቀዳዳው እዚያው ነው። ፊላውን ግን እንዳይጎትቱት! ላስቲኩን ይዞት ይመጣል። ሥሩን በቢላ እየቆራረጡ ያውጡ፣ ቁራጭ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላልና በደንብ ይልቀሙት። ቋሊማው ጥጥ ሆኖ ሳይበተን አስቀድመው ቢቆርጡትም ጥሩ ነው።

እውነተኛውን ደንገል ሲያገኙ ሁለት ሦስት አገዳ ያለው የሥር ቁራጭ ይበቃዎታል። በቀጥታ ጭቃው ላይ ሳይሆን ቀዳዳ በሌለው ሰፊ ሳፋ፣ በዋልካ አፈር ይትከሉት፤ ላዩ ላይ ጠጠር ያድርጉና ውሃው ከአፈሩ በላይ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አስቀምጡት። ሚያዝያና ግንቦት ጥሩ ጊዜ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያ በጣም ከፍ ስለምትል እንደዚያ 4 ሜትር ይመዘዛል ብለው አይጠብቁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ አናቱን ካደረቀው ከሥሩ ቆርጠው ይተዉት፣ ሥሩ በውርጭ ካልሞተ ያቆጠቁጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ኩሬ የለኝም፣ ግን ቧንቧው ሥር ሁሌ የሚረጥብ ጥግ አለ። ደንገል ይይዛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እንዴታ! ጉልበት ድረስ ቆፍረው አሮጌ ላስቲክ ያንጥፉ፣ ጎን ጎኑን አራት አምስት ቦታ በሚስማር በሱት፣ አፈሩን ከብስባሽ ጋር ደባልቀው ይመልሱ። ውሃው ላይ ላዩን ስለማይተኛ ትንኝም አይራባበትም። በጋ ላይ እንዳይደርቅ ብቻ። በረኪና ያለበት እጣቢ ደግሞ እንዳይደፉበት።