ፒዲኤም ከመጫናችሁ በፊት የፋይል ስማችሁን አስተካክሉ

ጥያቄ፦ የእህል ማበጠሪያና ኮንቬየር የምንሠራ ድርጅት ነን። አምስት ዲዛይነሮች በሶሊድወርክስ (የ3ዲ ዲዛይን ሶፍትዌር) እንሠራለን፤ ፋይሉ ሁሉ ያለው አንድ ሼርድ ፎልደር ውስጥ ነው። በቅርቡ የድሮው ድሮዊንግ ወርክሾፕ ገብቶ ላሜራው በተሳሳተ ልኬት ተቆረጠ። አሴምብሊ (ብዙ ክፍሎች የተገጣጠሙበት ፋይል) ስንከፍት አንዳንዴ ፓርት፣ ማለትም የአንድ ክፍል ፋይል፣ አጣሁ ይለናል፤ አንዳንዴ ደግሞ የሌላ ማሽን ብራኬት (መያዣ ብረት) ገብቶ እናገኛለን። ፒዲኤም (የዲዛይን ፋይሎችንና ለውጦቻቸውን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ልንጭን ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከብራኬቱ እንነሳ፤ የችግራችሁ ሥር እዚያ ነው።

አሴምብሊ ፋይል ፓርቶቹን ራሳቸውን አይዝም። የሚይዘው ስማቸውንና የተቀመጡበትን ቦታ ነው። ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቀድሞ ክፍት የሆነ ፋይል መኖሩን ነው። የማበጠሪያው «ብራኬት 1» ክፍት ሆኖ የኮንቬየሩን አሴምብሊ ብትከፍቱ፣ እሱም «ብራኬት 1» ፈላጊ ስለሆነ ያንኑ ሊያነሳ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ቢያወጣም እሺ ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። «አጣሁ» የሚላችሁ ደግሞ አንዱ ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ በዊንዶውስ ስም ሲቀይር ወይም ፋይል ሲያዛውር ነው።

ይህን ዝርክርክ ይዛችሁ ፒዲኤም ውስጥ ብትገቡ ዝርክርኩ ተቆልፎበት ይቀመጣል እንጂ አይጸዳም። ስለዚህ መጀመሪያ በድርጅቱ ውስጥ ሁለት ፋይል አንድ ስም እንዳይኖረው አድርጉ። ቁጥር ስጧቸው፤ 10001፣ 10002 እያላችሁ ቀጥሉ። ብዙ ቢሮ ቁጥሩ ውስጥ የማሽኑን ዓይነት፣ ዓመቱን፣ የብረቱን ውፍረት ሁሉ ሊያጭቅ ይሞክራል። እኔ አልመክርም። የማበጠሪያው ብራኬት ነገ ለኮንቬየሩም ሲውል ቁጥሩ ውሸታም ይሆናል። መግለጫው፣ ማቴሪያሉ፣ የዲዛይነሩ ስም ከፋይሉ ጋር በሚሄደው የፕሮፐርቲ ሰንጠረዥ ውስጥ ይግባ፤ ፍለጋውም በዚያ ይሆናል።

ስም ስትቀይሩ ሶሊድወርክስ ውስጥ ባለው ፓክ ኤንድ ጎ በሚባለው ትእዛዝ ተጠቀሙ። አሴምብሊውን ከነፓርቶቹ በአዲስ ስም ይገለብጥና ግንኙነታቸውንም አብሮ ያድሳል። «ድሮዊንግ ጨምር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ግን አትርሱ፤ አለዚያ ድሮዊንጉ የድሮውን ፓርት እንዳየ ይቀራል። ሁሉንም የድሮ ሥራ ለማጽዳትም አትነሱ፤ ወገባችሁ ይቆረጣል። አሁን እየተሠሩ ያሉትን ብቻ አስገቡ። የቀረው ባለበት ይቀመጥ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ ይከልከል። ከዚያ ውስጥ አንድ ማሽን እንደገና ሲታዘዝ ያኔ አጽድታችሁ ታስገባላችሁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃዳችሁን እዩ። ፒዲኤም ስታንዳርድ ከሶሊድወርክስ ፕሮፌሽናልና ፕሪሚየም ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ለአምስት ሰው ይበቃል። በክራክ የሚሠራ ቢሮ ግን ሥራውን በዚህ ላይ ባይጥል ይሻለዋል።

ስትጭኑት ደረጃዎቹን አታብዙ። «በሥራ ላይ»፣ «ለፍተሻ የቀረበ»፣ «የጸደቀ» በቂ ናቸው። የጸደቀውን ማንም አይነካም፤ መለወጥ ካስፈለገ ወደ ሥራ ተመልሶ አዲስ ሪቪዥን ይዞ ይወጣል። ቨርዥንና ሪቪዥን አይምታታባችሁ። ዲዛይነሩ ፋይሉን አሻሽሎ ቼክ ኢን ባደረገ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ በመለሰ ቁጥር ቨርዥን ይቆጠራል፤ እሱ የቢሮው የውስጥ ጉዳይ ነው። ወርክሾፑ የሚያውቀው ሪቪዥንን፣ ማለትም ፊደሉን ብቻ ነው። የአሜሪካው የኤኤስኤምኢ (የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ደረጃ ለሪቪዥን አይ፣ ኦ፣ ኪው፣ ኤስ፣ ኤክስና ዜድ የሚባሉትን ፊደሎች አይጠቀምም። ኦ ዜሮ፣ አይ ደግሞ አንድ መስሎ ይነበባላ። እናንተም ዝለሏቸው።

አሁን ወደ ላሜራው። ፒዲኤም ብቻውን አያድናችሁም፤ ምክንያቱም የቆረጠው ሰው ያየው ወረቀት ነው። ዘይት የነካው፣ ጥጉ የተቀደደ ድሮዊንግ ከማሽኑ አጠገብ ተለጥፎ እስካለ ድረስ ሰርቨሩ ላይ ያለው አዲሱ ሪቪዥን ለቆራጩ የለም ማለት ነው። ወርክሾፑ የጸደቀ ፒዲኤፍ ወይም ከሱ የታተመ ወረቀት ብቻ ይውሰድ። ለሌዘር መቁረጫው የሚላከው የዲኤክስኤፍ ፋይልም ሪቪዥኑን በስሙ ላይ ይያዝ። አዲሱን ወረቀት የሚወስድ ሰው አሮጌውን ያስረክብ፣ እዚያው ይቀደድ። ፎርማኑ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ችላችሁ እለፉት።

ባክአፕ ላይ ደግሞ ብዙዎች ይሸወዳሉ። የፒዲኤም ዕቃ ቤት ሁለት ክፍል አለው፦ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት አርካይቭና ማን ምን እንደሆነ የሚመዘግበው የኤስኪውኤል ዳታቤዝ። አርካይቩ ውስጥ ፋይሎቹ በራሳችሁ ስም አይቀመጡም፤ ዳታቤዙ ከጠፋ የትኛው ምን እንደሆነ ለመለየት ፍዳ ታያላችሁ። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ባክአፕ አድርጉ፣ አንዱ ኮፒ ከግቢው ውጭ ይደር። አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱትና ማሽኑ ሙሉ ሆኖ መምጣቱን እዩ።

መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ ከሆናችሁ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ) ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን የኔትወርክ ስዊቹንም ይያዝ፤ የዲዛይነሮቹንም ኮምፒውተር ቢያካትት ጥሩ ነው። ዲዛይነሩ ቼክ አውት ያደረገው፣ ማለትም ሊሠራበት ያወጣው ፋይል ላይ የሚሠራው ለውጥ ቼክ ኢን እስኪያደርገው ድረስ ያለው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የሰርቨሩ ባክአፕ አያገኘውም። ስለዚህ ማታ ከመውጣቱ በፊት፣ ሥራው ባያልቅም፣ ሁሉም ቼክ ኢን አድርጎ ይሂድ።