የጂፒኤስ ሰዓትህን አታስከፍተው

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሩጫ ከጀመርክ ሦስተኛ ሳምንትህን ይዘሃል። ከጅቡቲ ከመጣ ሰው ጂፒኤስ ያለው፣ ማለትም በሳተላይት ምልክት ያለህበትን ቦታ የሚያውቅ፣ ያገለገለ የስፖርት ሰዓት ገዝተሃል። ከቤትህ ተነስተህ ከዚራ ደርሰህ የምትመለስበትን ያንኑ መንገድ አንድ ቀን 6.2፣ በማግስቱ 5.4 ኪሎ ሜትር ይልሃል። ፔሱ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅብህ ጊዜ፣ እየሮጥክ ሳለ ከ7 ደቂቃ ተነስቶ 10 ይገባል፤ ቀስ ብለህ በሶምሶማ እየሄድክ ደግሞ የልብ ምትህን 176 ብሎ አስደንግጦሃል። ለአንድ ጠጋኝ ብታሳየው «አንቴናው ሄዷል፣ ከፍቼ ልቀይርልህ» አለህ። ላስከፍተው ወይስ ይቅር ነው ጥያቄህ።

ይቅር። መጋላ ውስጥ ሰዓትና ሞባይል ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ተከፍቶ የሞተ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ያመኛል። እንዲህ ያለ ሰዓት በቀጭን ጎማና በማጣበቂያ የታሸገ ነው። አንዴ በቢላ ጫፍ ከተፈለቀቀ በኋላ በደንብ ገጥሞ ውሃ እንደማያስገባ በግፊት ካልተፈተሸ፣ የድሬ ላብ ብዙም ሳይቆይ ቦርዱ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ አንቴናው የሄደ ሰዓት ገላጣ ሜዳ ላይ ቆመህም ሳተላይት አያገኝም፣ ቢያገኝም ቶሎ ይጥላል። ያንተ ግን ያገኛል፤ የሚስተው ልኩን ነው። ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሴቲንግ ጉዳይ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪ ቆጣቢውን ነው። ያገለገለ ሰዓት የሚሸጥ ሰው ባትሪው እንዲበረክትለት ጂፒኤሱን ቁጠባ ላይ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ተንኮል ላይሆንም ይችላል፤ የቀድሞው ባለቤት ረጅም የእግር ጉዞ ይወድ ይሆናል። ቁጠባ ላይ ያለ ሰዓት ጂፒኤሱን እያጠፋ እያበራ ነው የሚሠራው፤ ያለህበትን ነጥብ በየሰከንዱ መመዝገቡን ትቶ አልፎ አልፎ ብቻ ይይዛል። በመካከል ያለውን መንገድ ወይ ቀጥ አድርጎ ያሰምረዋል፣ ወይ ከእጅህ ውዝዋዜ ይገምተዋል።

አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ ሰዓት ይዛልኝ መጥታ የሮጠችበትን መንገድ ስልኳ ላይ ከፍተን አየነው። ከዚራን ዞራ በድልድዩ ወደ መጋላ የተሻገረችበት ኩርባ ሁሉ ተቆርጧል፤ መስመሩ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በሰያፍ አቋርጦ የሰው ግቢ ሰንጥቆ ያልፋል። እሷ ግን ከአስፋልት አልወረደችም። አንተም ስልክህ ላይ ካርታውን አጉልተህ እየው። ማዕዘኖቹ ተቆርጠው ካገኘህ የሩጫው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ቁጠባውን አጥፋ፤ ምዝገባውን በየሰከንዱ አድርገው፤ ሰዓትህ ካለው ከጂፒኤስ ጎን ግሎናስ ወይም ጋሊሊዮ የሚሉትን ሌሎች የሳተላይት ሥርዓቶችም አብራ። ባትሪው ፈጥኖ ይወርዳል፤ ለአንድ ሰዓት ሩጫ ግን አትስጋ።

እዚያው ሳለህ ኦቶ ፖዝ የሚለውንም አጥፋ። ሰው ሲቆም ቆጠራውን በራሱ እንዲያቆም የተሠራ ነው። እየሮጠ እየተራመደ ለሚሄድ ጀማሪ ግን፣ ዛፍ ሥር ምልክቱ ሲደክም የቆምክ ይመስለውና መቁጠሩን ይተዋል። ከጠፋብህ 800 ሜትር ግማሹ እዚህ ቢገኝ አይገርመኝም።

አነሳስህንም አስተካክል። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ሰዓትህ ምልክታቸው ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደደረሰ እየለካ ርቀቱን ያሰላል፤ ቦታህን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ አራቱን ማግኘት አለበት። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያዛባል። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣ ምልክት መንገዱ ይረዝማል፤ ሰዓቱም ያለህበትን ቦታ ፈቀቅ ያደርገዋል። የከዚራ ጥላ ለሯጭ በረከት ነው፤ ለሰዓት ግን ቅጠሉና ፎቁ ፈተና ነው። ስለዚህ በር ላይ ቁልፉን ተጭነህ እዚያው አትፈትለክ። ሰማዩ በደንብ የሚታይበት ቦታ ቁም፤ ሰዓቱ ዝግጁ ነኝ ካለህ በኋላም አንድ ደቂቃ ጨምርለት። ለወራት ጠፍቶ የከረመ ከሆነ አንድ ጊዜ ገላጣ ሜዳ ላይ አብርተህ ለ15 ደቂቃ አስቀምጠው። የሳተላይቶቹን ሙሉ ማውጫ ከሰማይ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። በየጥቂት ቀኑ ከስልክህ ጋር ብታገናኘው ደግሞ የሳተላይቶቹን መገኛ ከኢንተርኔት ስለሚወስድ ፍለጋው ያጥርልሃል።

የምትሮጠው ማታ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው አየር ይታመስና የሳተላይት ምልክት ያንቀጠቅጣል፤ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይብሳል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጣ ከሙቀቱም ከዚህም ትድናለህ። ይህን ሁሉ አድርገህም በ6 ኪሎ ሜትር ላይ መቶ ሜትር ቢለያይብህ ሰዓቱ ጤነኛ ነው።

ፔሱ መዝለሉ የሁሉም ሰዓት ጠባይ ነው፤ የዚያችን ቅጽበት ፍጥነት ከተንቀጠቀጡ ነጥቦች ስለሚያወጣ። ስክሪኑ ላይ በእሱ ፋንታ የላፕ ፔስ (የያዝከው ዙር አማካይ ፔስ) አድርግ፤ ላፑም በየ1 ኪሎ ሜትሩ ይሁን። አማካዩን ታያለህ፣ እግርህም ከቁጥሩ ጋር መሽቀዳደሙን ይተዋል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን 176ቱ ነው። ከሰዓቱ ሆድ ሥር የሚበራው አረንጓዴ መብራት ቆዳህ ሥር ያለው ደም ሲሞላና ሲጎድል ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይለካል። ማሰሪያው ከላላ ሰዓቱ በየእርምጃህ ይዘላል፤ ያኔ የልብህን ምት ትቶ እርምጃህን ይቆጥራል። ለማረጋገጥ እየሮጥክ የቀኝ እግርህን ብቻ ለአንድ ደቂቃ ቁጠርና በሁለት አባዛው። 176 አካባቢ ከመጣ ሌባው ተገኝቷል። ወዲያው ቆመህ አንገትህ ላይ ሁለት ጣት አድርግ፤ ለ15 ሰከንድ የቆጠርከውን በ4 አባዛ። 35 ከቆጠርክ ልብህ 140 ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከእጅ አንጓህ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርገህ፣ ሲገፋ ቆዳውን ይዞ እስኪንቀሳቀስ አጥብቀህ እሰር፤ ስትጨርስ አላላው።

በጣትህ ስትቆጥርም 176 ከሆነ ፍጥነቱ በዝቶብሃል። ሙቀት ራሱ ምቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሰው አጠገብህ ቢኖር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስክትችል ድረስ ቀንስ፣ ተራመድ። ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ካዞረህ ግን ሩጫውን አቁመህ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ፤ ይህ በሰዓት የሚታይ ነገር አይደለም።

የቀድሞው ባለቤት ዕድሜና ክብደትም ውስጡ ተቀምጦ ይሆናል። ሪሴት አድርገህ የራስህን አስገባ። የልብ ምት ዞን የሚሉት (የሩጫህ ክብደት በምት ብዛት የሚከፈልበት ደረጃ) አብዛኛውን ጊዜ 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚል ግምት ስለሚሠራ፣ ካንተ እውነተኛ ልክ ከ10 ምት በላይ ሊርቅ ይችላል።

ከሩጫ መልስ ሰዓቱን በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቀህ ቻርጅ አድርግ። ላብ ጨው ነው፤ እርጥብ ሆኖ ኤሌክትሪክ ካገኘ የቻርጅ ነጥቦቹን ይበላቸዋል። አረንጓዴ ዝገት ካየህ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በጥቂት አልኮል እሸው፤ በመርፌ አትፋቀው፣ ሽፋኑ ይላጥና ይብስበታል። ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥም አትተወው።

አንድ ቀን መስታወቱ ሥር ጉም ካየህ ግን ያኔ ይከፈታል። ቻርጅ ሳታደርግ አጥፋውና በዚያው ቀን ግፊት መፈተሻ ወዳለው ጠጋኝ ውሰደው።