ዓይን አፋር ልጅ ኢንተርቪው ላይ ትወድቃለች?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ ነው ያደገችው። ውጤቷ በጣም ጥሩ ነው፣ የመግቢያ ፈተናውንም በደንብ ሠርታለች። አሁን አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለኢንተርቪው ጠርቷታል። ግን ዓይን አፋር ናት። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ አታወራም፣ እኔው ነኝ እንደዛ ያሳደግኳት። አምና ሌላ ቦታ ግማሽ ሰዓት አዋርተው መለሷት። በግማሽ ሰዓት ወሬ ማን ጥሩ ሐኪም እንደሚሆን ይታወቃል? (የጨነቃት እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አይታወቅም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሂዩስተን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት 150 ተማሪዎች መርጦ ከጨረሰ በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት 50 ጨምር አለው። የቀሩት ደግሞ ኢንተርቪው ተደርገው መጨረሻ አካባቢ የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። እነሱኑ አስገቡ። ከዚያ እስከ ምርቃትና እስከ መጀመሪያው የሥራ ዓመት ድረስ ሁለቱን ቡድኖች አወዳደሯቸው፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር በአንድ ሰው ስሜት ስንት ልጅ እንደተመለሰ እያሰብኩ ያንገበግበኛል።

አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች ሌላ ዓይነት ይጠቀማሉ። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። ልጅቷ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፣ በር ላይ የተለጠፈውን ጥያቄ 2 ደቂቃ ታነባለች፣ ገብታ 8 ደቂቃ ታወራለች። በመጀመሪያው ሙከራ 10 ክፍል ነበር። አንዱ ፈታኝ ባትጥመው ዘጠኝ ሌሎች አሉ፣ ለልጅሽ ይሄ ይሻላታል። የጠራት ትምህርት ቤት የትኛውን ዓይነት እንደሚጠቀም ብዙ ጊዜ የጥሪ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል፣ እዩት።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ትለማመድ። ከቡና በኋላ ስኒው ሳይነሳ አክስቷ ትጠይቃት። «አንዲት አሮጊት መድኃኒቱን ትቼ ጠበል እሄዳለሁ ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?» ስልክሽ 8 ደቂቃ ይቁጠር። መልስ ግን አታስሸምድጃት፣ የተሸመደደ ነገር ወዲያው ይታወቃል። ቀና ብሎ ማየት እዚህ አገር እንደ ድፍረት እንደማይቆጠር አንቺው ንገሪያት፣ ከአንቺ አፍ ካልሰማችው ማቀርቀሩን አትተውም። ሌላው፣ የእኛ ልጆች ራሳቸው የሠሩትን ሁሉ «እኛ ሠራን» ይላሉ። ክሊኒክ ሄዳ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶች አስተርጉማ ታውቅ ይሆናል። «እኔ አስተረጎምኩላቸው» ትበል፣ አንዲት እናት ለመናገር ያፈሩትን ቃል እንዴት አድርጋ ለሐኪሙ እንዳደረሰች ትንገራቸው።