ጥያቄና መልስ፦ «ሲዝኑ አልቋል» ወይስ «ገና ሊጀመር ነው»?

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ለትምህርት ቤቷ ፍላግ ፉትቦል (ያለ መጋጨት፣ ሪባን በመንጠቅ የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል) ልጫወት ነው፣ ልምምዱ በኖቬምበር ይጀመራል ትለኛለች። ሎስ አንጀለስ ያለችው እህቴ ደግሞ «የእኔዋ ጨርሳ ማሊያዋን እንኳ መልሳለች፤ ምን ልምምድ አለ? ሌላ መሄጃ አግኝታ ይሆናል» ብላ አስደነገጠችኝ። ማንን ልመን? ጾሙስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አልዋሸችም፤ እህትዎም ልክ ናቸው። ለመላው አሜሪካ የሚሠራ አንድ የጊዜ ሰሌዳ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ያወጣል። ካሊፎርኒያ ኦገስት ላይ ይጀምርና ኖቬምበር ላይ ይዘጋል። የጆርጂያ ዋንጫ ዲሴምበር ላይ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስቴት ሻምፒዮና ያላት ፍሎሪዳ ስፕሪንግ ላይ ታጫውታለች። እኛ ቬጋሶች ዊንተር ነን፤ ኖቬምበር ልምምድ፣ ፌብሩዋሪ ፍጻሜ። ለእናቴ በስልክ «የክረምት ስፖርት ነው» ብላቸው «በዚያ ጭቃ?» አሉኝ።

ታዲያ የሴቶች ቅርጫት ኳስም በዚሁ ወቅት ስለሆነ ልጅዎ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሊኖርባት ይችላል። እግር ኳስና ሩጫ ግን በሌላ ወቅት ናቸው፤ ከዚህ ጋር አይጋጩም።

ጾሙን በተመለከተ፣ እኔም ቤት ያው ጭንቀት ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ልምምዱም በዚያው ሰሞን። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ሽሮ በእንጀራ ጠግባ ሄዳ ሜዳው ላይ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ እናቷ በሶ በጥብጣ በኮዳ ትሰጣት ጀመር። የቡድኑ ልጆች «ምንድን ነው ይሄ ቡናማ ነገር?» እያሉ ቀምሰው ቀምሰው ሊጨርሱባት ነበር። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ በዓላችን ነው ብሎ አይዘጋም። ስለዚህ አሠልጣኙን ገና በኖቬምበር ያነጋግሩ። እኔ ዋዜማው ላይ ተናግሬ፣ ለዚያ ቀን ግጥሚያ ተይዞ ስለነበር ፊታቸው ጠቆረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ጉዳት ያሳስብዎት እንደሆነ፣ ጠልፎ መጣል፣ ገፍትሮ መጋጨት ክልክል ነው። በየወገባቸው ቀበቶ ላይ ሪባን ተንጠልጥሏል፤ ኳስ የያዘችውን ልጅ ሪባን መንጠቅ ነው፣ ያኔ ጨዋታው ይቆማል። አባሮሽ በሉት። ሪባኗን በእጇ የምትከላከል ትቀጣለች። ማሊያም ቁምጣ ውስጥ መግባት አለበት፤ የእኔ ባለቤት ከዳር ሆና በአማርኛ «ልብስሽን ወደ ታች ሳቢ!» ስትል፣ ዳኛው በእንግሊዝኛ «አስገቢ!» ሲል፣ ልጅቷ መሐል ቆማ ቀረች።

ቀድመው የሚያዘጋጁት የሐኪም ምርመራ ወረቀት ነው፤ እሱ ሳይገባ ልምምድ የለም። አማካይ የትምህርት ውጤቷም (GPA) ከ2.0 በታች ከወረደ ሳትጫወት ትቀመጣለች።

የግጥሚያውን ቀን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ ማታ ታክሲ ስለምነዳ መጀመሪያ የተሰጠንን ወረቀት ይዤ ፈረቃዬን ሁሉ አስለወጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ግጥሚያ ቀን ተቀየረ፤ ለካ ወረቀቱን ትቼ በየሳምንቱ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን እሑድ ማታ ልጄን «የዚህ ሳምንት መቼ ነው? እዚህ ነው ወይስ እዚያ?» እላታለሁ፣ መልሷን ፍሪጅ ላይ እለጥፋለሁ።

«ምን ይጠቅማታል?» የሚል ዘመድ ከመጣ፣ ጨዋታው በ2028 እ.ኤ.አ. እዚያው እህትዎ ከተማ ኦሎምፒክ ውስጥ እንደሚገባ ይንገሩት።

ሲመጡ ጋቢ አይርሱ። ጃንዋሪ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች የበረሃው ብርድ አይጣል ነው፣ መቀመጫውም ብረት ነው።