ይሄም ውሸት ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ቺካጎ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ያ ጁሲ ስሞሌት የሚባለው ተዋናይ ተደበደብኩ ሲል አልቅሼለታለሁ። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፌ የደበደቡትን ሰዎች ወገን በሙሉ ረግሜአለሁ። በኋላ ራሱ ያቀነባበረው ነው ሲባል በገንኩ። ከሚስቁበት ጋር እኔም ሳቅሁ። በቅርቡ ደግሞ ኡበር የሚነዳ የአጥቢያችን ልጅ «ተሳፋሪ በቆዳዬ ሰድቦ በቡጢ መታኝ» ሲል፣ ከአፌ የወጣው «ይሄም እንደዚያ ተዋናይ ቢሆንስ?» የሚል ነበር። ልጁ ሰማኝ፤ ምንም ሳይል ሄደ። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው? ማመኔ ነው ወይስ አለማመኔ? ለዚያ ተዋናይስ ልጸልይለት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከልጁ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ይህን እንዳነበብሽ ደውዪለት። ቢቻል ቤቱ ድረስ ሂጂ። «እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅር በለኝ» በዪው። ማስረጃ አትጠይቂው። ፊቱ አብጦ እንደሆነ ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠይቂው። ለፖሊስ ካላመለከተ አብረሽው ሂጂ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረው አስተርጉሚለት። ጉዞው በመተግበሪያው ተመዝግቧል፤ ሰዓቱም ተሳፋሪውም ይታወቃል። የማጣራቱ ሥራ ባለቤት አለው። ያንቺ ድርሻ ሰውየውን ማገዝ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማዘንሽ ኃጢአት አልነበረም። የዮሴፍ ወንድሞች ያደረጉትን አስቢ። ፍየል አርደው ቀሚሱን በደም ነከሩት፤ ለአባታቸው ላኩለት። የተቀነባበረ ማስረጃ ነበር። ያዕቆብ ግን ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ለልጁ ብዙ ቀን አለቀሰ። መጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብን ተታለልክ ብሎ አይወቅሰውም። ዕዳው የወንድሞቹ ነው።

ነገር ግን ያዕቆብ ከማልቀሱ ጋር አንድ ፍርድም ሰጥቷል። «ክፉ አውሬ በልቶታል» አለ። አውሬው የለበትም። ደግነቱ የተከሰሰው አውሬ ነው፤ ማንም ሰው አልተጎዳም። አንቺ ግን የከሰስሽው ሰዎችን ነው። ጥፋትሽን እዚህ ጋ ፈልጊው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። ስሞሌት በዚያ ጥር ወር፣ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሁለት ሰዎች እንዳጠቁት ተናገረ። በዘሩና በተመሳሳይ ጾታ ፍቅሩ ሰደቡኝ፣ ገመድ አንገቴ ላይ አጠለቁ፣ «ይህ የማጋ አገር ነው» ብለው ጮኹ አለ። ይህ የትራምፕ ደጋፊዎች መፈክር ነው። የአገር መሪዎች ሳይቀሩ በሰዓታት ውስጥ ፍርድ ሰጡ። በኋላ ፖሊስ የናይጄሪያ ዝርያ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾችን አገኘ። እነሱም ስሞሌት ራሱ ከፍሎን ነው ያጠቃነው ብለው መሰከሩ። ስሞሌት ግን ለእነሱ የሰጠው የ3,500 ዶላር ቼክ የስፖርት ሥልጠና ክፍያ ነው አለ። ፖሊስን ዋሽቷል ተብሎ የቀረበበት ክስ በ2019 ከዐቃቤ ሕግ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋረጠ። እንደገና ተከስሶ በታኅሣሥ 2021 ከ6 ክሶች በ5ቱ ጥፋተኛ ተባለ፤ 150 ቀን እስራትም ተፈረደበት። በኅዳር 2024 ደግሞ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የሻረውም ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ ከገባው ስምምነት በኋላ እንደገና ሊከሰስ አይገባም ብሎ ነው። እውነቱን ተናግሯል ብሎ አልፈረደለትም። እሱ ራሱ እስከ ዛሬ አልዋሸሁም ይላል።

እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የረገምሻቸው እነማን ነበሩ? ያቺን ሌሊት አልጋቸው ላይ የተኙ ሚሊዮኖች። «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» የሚለው ትእዛዝ በዘፀአት 23 የተጻፈው ለዳኛ ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር እንኳ የሰዶምን ጩኸት ሲሰማ «እንግዲህ ወርጄ አያለሁ» ብሏል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይህን ያለው እኛ በወሬ እንዳንፈርድ ሊያስተምረን ነው።

ሁለተኛው ጥፋትሽ ሳቁ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል እላለሁ። የሳቁበት ሁሉ ስለ እውነት ተቆርቁረው አልነበረም። አንዳንዱ ጥቁር ስለሆነ፣ አንዳንዱ ስለ ሕይወቱ ስለሚጠላው ነው የሳቀው። ቤተ ክርስቲያን ስለዚያ ሕይወት የምታስተምረው የታወቀ ነው። ትምህርቷ ግን ማንንም ለመደብደብ ወይም በውርደቱ ለመዝናናት ፈቃድ አይሰጥም። «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» ተብሏል፤ ይሄኛው ደግሞ ጠላትሽም አይደለም።

ሳቁ ምን እንዳደረገብሽም ተመልከቺ። የእኛ ሰው ይህን መከራ በወሬ አይደለም የሚያውቀው። ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት አሜሪካ የመጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። በኅዳር 1988 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ሦስት ዘረኛ ወጣቶች መንገድ ላይ በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ማን ያቀነባበረው ነው ይባላል? አንድ ሰው ዋሽቷል ስለተባለ የሙሉጌታን ደም የረሳ ሰው ከውሸታሙ ያልተናነሰ ይበድላል። ዋሽቶም ከሆነ፣ የስሞሌት ትልቁ በደል ይህ ነው። ለምርመራው ከወጣው የከተማው ገንዘብ ይልቅ የእውነተኛ ተጎጂዎችን ተሰሚነት ነው የሰረቀው። አንቺ ደግሞ በዚያ ልጅ ላይ ስርቆቱን እንዳትጨርሺለት።

«ታዲያ ሁሉን ልመን?» ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። በሶስና ታሪክ ሁለት ሽማግሌዎች አመነዘረች ብለው በሐሰት ሲመሰክሩባት ሕዝቡ የተቀበላቸው በሽምግልናቸው ነው። ዳንኤል ለየብቻ አድርጎ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። በመመርመሩ ንጹሕ ነፍስ ዳነች። ምርመራ ስለዚህ ከእምነት ጋር አይጣላም። ሆኖም ዳንኤል የጠየቀው ከሳሾቹን፣ በሸንጎ ፊት፣ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ሲል ነው። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቡና እየጠጣሽ የተመታ ልጅ ላይ ያነሣሽው ጥርጣሬ የዳንኤል ጥያቄ አይደለም። የተጎዳውን ዕለቱን አግዢ፤ በሌላው ላይ መፍረዱን ለሚመረምሩት ተዪ።

የፌስቡክ ጽሑፍሽን አጥፊው። እዚያው ላይም «ወገን ሙሉ መርገሜ ስሕተት ነበር» ብለሽ ጻፊ፤ ያነበቡት ሰዎች አሉና። ሳቁንም እርግማኑንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ለስሞሌት ጸሎት አይቅርበት። ዋሽቶ እንደሆነ ንስሐ ያስፈልገዋል፣ ካልዋሸ ፍትሕ ያስፈልገዋል። የትኛው እንደሆነ እግዚአብሔር ስለሚያውቅ አንቺ መርጠሽ መንገር የለብሽም። «አቤቱ ማረው» በዪ፤ እነዚያን ሁለት ወንድማማቾችም አብረሽ አስቢ።