ትንሽ ቁጭ በይ

በነርስነት 31 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከአፌ ጠፍታ የማታውቅ አንዲት አባባል ነበረችኝ፦ «ምን ላድርግ፣ ምርጫ የለኝም።» ለአለቃዬም፣ ለልጆቼም፣ ለራሴም የምለው እሷኑ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቁጭ ስል እናንተ ወጣቶቹ ስትሏት እሰማለሁ። በእናንተ አፍ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ታምራለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

አንድ ሰውዬ ነበሩ። አልጋቸው ከበሩ አጠገብ ነው። በሽታቸው የማይመለስ ዓይነት ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል። አስታማሚ የላቸውም። በመጀመሪያው ቀን ጉሉኮሳቸውን ቀይሬ ልሄድ ስል እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ትንሽ ቁጭ በይ» አሉኝ። «አባቴ፣ ሥራ በዝቶብኛል፤ ስጨርስ እመጣለሁ» አልኳቸው። አልመጣሁም። በማግስቱም ጠየቁኝ፤ በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን መጠየቅ ተዉ።

ፊልም ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ይሞቱ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ 11 ቀን ኖሩ። በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ በአጠገባቸው አልፋለሁ። መድኃኒታቸው ሰዓቱን አላሳለፈም። ቻርታቸው ንጹሕ ነበር። ቁጭ ግን አላልኩም። ያረፉት በእኔ ፈረቃ አይደለም። ጠዋት ስገባ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ዋርዱ ሞልቶ ነበር፣ ነርስ አልነበረም፣ ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ግን በእነዚያ 11 ቀናት በነርሶች ክፍል ተቀምጬ ማን ዕድገት አገኘ፣ ማን ተዛወረ ስንባባል ያጠፋሁትን ደቂቃ ማንም አልቆጠረብኝም። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

ጡረታ ስወጣ ፍልስፍና ማንበብ ጀመርኩ። ግማሹ እንቅልፍ አመጣብኝ፣ አልዋሽም። ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር ጋ ስደርስ ግን ነቃሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ውስጥ በሰጠው ንግግር ላይ ስለ አንድ ተማሪው ያወራል። ጊዜው ፈረንሳይ በጀርመን የተያዘችበት ነው። የልጁ ታላቅ ወንድም በ1940 በጀርመኖች ጥቃት ተገድሏል። አባትና እናት ተኳርፈዋል። እናትየዋ የቀራት መጽናኛ ይኼ ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ እንግሊዝ ሄዶ ከነፃ አውጪዎቹ ጋር መዋጋት ያምረዋል። ልሂድ ወይስ ከእናቴ ጋር ልቅር? ብሎ መምህሩ ጋ መጣ። ሳርትር የሰጠው መልስ «ነፃ ነህ፤ ስለዚህ ምረጥ» የሚል ነበር።

መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። እንዲህ ያለ መልስ ለተጨነቀ ልጅ ይሰጣል? ቆይቼ ግን ገባኝ። የትኛውም መጽሐፍ፣ የትኛውም ሕግ ያንን ልጅ ከመምረጥ አያድነውም። ሳርትር እንደሚለው አማካሪህን ስትመርጥ ራሱ የምትሰማውን ምክር በከፊል መርጠሃል። እናንተም እስከዚህ ካነበባችሁ የጡረተኛ ነርስ ምክር መርጣችኋል። «ገንዘቡን ብቻ ተከተሉ» የሚል ፈልጋችሁ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጋ ትሄዱ ነበር።

ሳርትር ከዚህ ብሶ የነካኝ ስለ አንድ የካፌ አስተናጋጅ በጻፈው ነው። አስተናጋጁ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ትንሽ ጎንበስ ማለቱ ይበዛል፣ ትሪውን የሚይዘው እንደ ተዋናይ ነው። አስተናጋጅ መሆንን እየተጫወተ ነው። ሥራው ውስጥ ከተደበቀ መምረጥ የሚባል ጣጣ የለበትማ! ሳርትር ይህን ራስን ማታለል ይለዋል። ሳነበው ነጭ ጋዋኔ ትዝ አለኝ። በኮሪደሩ ስሄድ ፈጠን የምለው ሁልጊዜ ሥራ ስለነበረብኝ አይደለም። የሚሮጥን ሰው ማንም አያስቆመውም።

እዚህ ላይ ግን ሲሞን ደ ቦቩዋርን ካልጠራሁ በደል ይሆናል። የሳርትር የሕይወት ጓደኛ ነበረች፤ በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ከእሱ ትበልጣለች። የሰው ሁሉ ሁኔታ እኩል አይደለም ትላለች። እጁ የታሰረን ሰው «ነፃ እኮ ነህ» ማለት ፌዝ ነው። የእኔ ነፃነት ትርጉም የሚኖረው የሌላውም ሲከፈት ነው። ስለዚህ «ምርጫ የለኝም» የሚል ሰው ሁሉ ይዋሻል አላልኩም። የኦክስጂን ጭንብል ያጠለቁ፣ ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎችን ሳስታምም ኖሬያለሁ፤ ምርጫ ሲጠብ አውቃለሁ። እኔ የምለው ጤነኛ ሆነን፣ እግራችን እየሄደ፣ ስልካችን ቻርጅ እያለው ስለምንላት ናት።

እስቲ ለአንድ ሳምንት ሞክሩት። «አልቻልኩም» ልትሉ ስትሉ «አልመረጥኩም» በሉ። «ጓደኛዬን መጠየቅ አልቻልኩም» ሳይሆን «ላለመጠየቅ መረጥኩ»። አንዳንዱ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሰው ሁሉን ነገር መምረጥ አይችልም። አንዳንዱ ግን አፋችሁ ላይ ይተናነቃችኋል። ያንን ያዙት።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ መምረጡስ እሺ፣ ለምን? የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከሳርትር ጋር እለያያለሁ። በ1944 በታየው ቲያትሩ ውስጥ አንዱ ገጸ ባሕርይ «ሲኦል ማለት ሌሎች ሰዎች ናቸው» ይላል። ሳርትር ራሱ በኋላ ሰዎች ተሳስተው ተረዱኝ፤ ያልኩት ግንኙነታችን ሲበላሽ ነው ብሏል። ይሁን። ለእኔ ግን ስለ ሌላው ሰው በደንብ የተናገረው ኢማኑኤል ሌቪናስ ነው።

ሌቪናስ ሊትዌኒያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ አይሁዳዊ ፈላስፋ ነው። በ1928 ጀርመን ሄዶ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከማርቲን ሃይዴገር ዘንድ ተማረ። ሃይዴገር በ1927 ባሳተመው ሥራው ስለ ሞት ብዙ ጽፏል። ማንም የሌላውን ሞት ሊሞትለት አይችልም፤ ሞቴ የራሴ ብቻ ነው፤ ያንን ስቀበል ነው ኑሮዬም የራሴ የሚሆነው ይላል። እኛ ግን «ሰው ሟች ነው» ብለን እናልፈዋለን። ልብ በሉ፣ «ሰው» ነው የምንለው፤ «እኔ» አንልም። ያ «ሰው» የሚባለው ደግሞ ማንም አይደለም። ዋርድ ውስጥም እንደዚያው ነበርን። በቃላችንም በፊታችንም ሞትን ጎረቤት አድርገን ነበር የምንይዘው።

ይህን ሁሉ ያወቀው ሃይዴገር በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ስለ ራሱ ሞት ያን ያህል አስቦ፣ ስለ ሌላው ሰው ሞት ምን አሰበ? ብዬ ስንቴ ተበሳጭቻለሁ። ተማሪው ሌቪናስ ለፈረንሳይ ሲዋጋ በ1940 ተማረከ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ጀርመን ውስጥ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ከረመ። ሊትዌኒያ የቀሩት ወላጆቹና ወንድሞቹ ተገደሉ።

እዚያ ካምፕ ስለነበረ አንድ ውሻ በኋላ ጽፏል። ምርኮኞቹ ከሥራ ሲመለሱ ጠባቂውም መንገደኛውም እንደ ሰው አያያቸውም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሻ ግን በር ላይ ጠብቆ፣ እየዘለለ፣ በደስታ እየጮኸ ይቀበላቸዋል። ቦቢ ብለው ስም አወጡለት። ለዚያ ውሻ ሰው መሆናቸው አጠራጥሮት አያውቅም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠባቂዎቹ አባረሩት።

የሌቪናስ ፍልስፍና መሠረቱ ፊት ነው። የሌላው ሰው ፊት ከፊቴ ሲቆም፣ ምንም ሳይናገር «አትግደለኝ፣ ብቻዬንም አትተወኝ» ይለኛል። ነፃነቴ የሚጀምረው ያን ጥያቄ ስመልስ ነው። መጀመሪያ የሚነካኝ ሞትም የእኔ ሳይሆን የሌላው ነው። አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። «ፊት ነሳኝ» እንላለን። መታኝ አይደለም፣ ሰደበኝ አይደለም። ፊቱን ብቻ ከለከለኝ። እነዚያን አባት በ11 ቀን ውስጥ ያጎደልኩባቸው መድኃኒት የለም። ፊት ግን ነስቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ። ሌቪናስ ለሌላው ያለን ኃላፊነት ማለቂያ የለውም ይላል። ይህን ከነቃሉ የዋጡ ወጣት ነርሶች አውቃለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አልቀው፣ ሥራውን ጠልተው ወጡ። እሱም ቢሆን ችግሩን አልሳተውም፤ ሦስተኛው ሰው ይለዋል። አንዱ አጠገብ ስቀመጥ ሌላው ይጠብቀኛል። ስለዚህ ማመዛዘን፣ ማካፈል፣ ፍትሕ የሚባል ነገር ይመጣል። የሚወዷችሁን ሰዎች ሁሉ እኩል ማገልገል አትችሉም። ያ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሦስተኛውን ሰው ሰበብ አድርጎ ሁለተኛውንም መተው ነው። እኔ ያደረግሁት እሱን ነው።

ስለ ሞት ስትጠይቁኝ ትልቅ ነገር ትጠብቃላችሁ። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ኤፒኩረስ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞት ባለበት እኛ የለንም ብሏል። ብልህ ነገር ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን ሲጠቅም አላየሁም። እኔ ያየሁት ትንንሽ ነገር ነው። ሰውነቷ የማይታዘዛት አንዲት ሴት ነበረች። በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን እናዞራታለን። አንድ ቀን «በየት በኩል ላዙርሽ፣ በመስኮቱ ወይስ በበሩ?» አልኳት። መስኮቱ ብርሃን አለው፣ ዛፍ ይታያል። እሷ ግን በዓይኗ በሩን አሳየችኝ። «የሚመጣውን ሰው ልየው» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። ብዙ ጊዜ ማንም አይመጣም ነበር። ሳዞራት ግን ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ፤ ሁልጊዜም መልሷ በሩ ነው። ኤፒክቴተስ የሚባለው ባሪያ የነበረ ፈላስፋ በእጃችን ያለውንና የሌለውን ለዩ ሲል ያችን ሴት ነው የማስበው። በእጇ የቀረው ያ ነበር፤ እሱንም ለሰው ሰጠችው።

ከእነዚያ አባት በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሌላ ሽማግሌ ያንኑ ነገር አሉኝ፤ «ትንሽ ቁጭ በይ» ነው ያሉት። ጓንቴን አወለቅሁና ወንበር ሳብኩ። ሰዓቴን አየሁ፣ የለመደብኝ ነው። ምንም አላወሩም። እጃቸው እጄ ላይ ነበር፣ ከባድና ደረቅ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ይስላል። አራት ደቂቃ ሲሆን እጃቸውን ራሳቸው አነሱ።

«በቃ ሂጂ ልጄ» አሉኝ። «ያኛውም ይጠብቅሻል።»